የኮርቻው ፋይል

በ2077 ዓ.ም. እንጅባራ ከተማ ውስጥ በሰው የሚነዳ ነገር ፈረስ፣ በቅሎና የአህያ ጋሪ ብቻ ነበር የቀረው። መኪኖቹ ሹፌር ካሰናበቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ራሳቸውን ይነዳሉ፣ ራሳቸውን ያጥባሉ፣ መንገድ ሲጨናነቅ እርስ በርሳቸው ተነጋግረው ይስማማሉ። የመንጃ ፈቃድ ሕጉ ግን ሥራ እንዳይፈታ ተብሎ ሳይሻር ለባለኮቴዎች ተዛወረ። ቅጹ ያው የድሮው ነው። «የሞተር ቁጥር» በሚለው ቦታ ሰዉ የፈረሱን ዕድሜ ይጽፋል፤ «የነዳጅ ዓይነት» ለሚለው ደግሞ ገብስ።

አቶ ያፌት ላቀው ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የፈረሰኞች ማኅበር ሊቀመንበር ከሆኑ ገና አራት ወራቸው። በዚያ ዘመን ሽማግሌው ሁሉ ያፌት፣ ናሆም፣ ኤልዳና ነው ስሙ፤ አስካለና አንዳርጌ የሚባሉት ወጣቶቹ ናቸው። አቶ ያፌት ሊቀመንበርነቱን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠብቀውታል። ያጓጓቸው ስብሰባው አልነበረም። በጥር የፈረሰኞች በዓል ሊቀመንበሩ ግላስ የሚባለውን ጌጠኛ ልብስ የለበሰ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ከሁሉ ፊት ይወጣል፤ ሁለት ሺህ ፈረሰኛ ከኋላው ይከተላል፤ እሱን ቀድሞ ማለፍ ነውር ነው። ሜዳው ጋ ሲደርስ ሽምጥ ጋልቦ በዓሉን ይከፍታል። አቶ ያፌት ይህን ቀን በሐሳባቸው ብዙ ጊዜ ውለውበታል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሁለት ማስታወቂያ በአንድ ቀን መጣ። የመጀመሪያው ከባለኮቴ ትራንስፖርት ባለሥልጣን ነው፤ በበዓሉ ላይ በሕዝብ መንገድ የሚወጣ ፈረሰኛ ሁሉ የሦስት መቶ ሰዓት የግልቢያ ሥልጠና መረጃ ያቅርብ ይላል። ሁለተኛው «ኮቴ» ከሚባለው መተግበሪያ ነበር፤ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለዘለዓለም እንደሚዘጋና በጊዜ ወጥቶ ያልተላከ መረጃ ሁሉ አብሮት እንደሚጠፋ በትሕትና ያሳውቃል።

ኮቴን የማያውቅ ፈረሰኛ የለም። የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ቆጣሪ ኮርቻ ውስጥ ተሰፍታ ትቀመጥና የፈረሱን እርምጃ፣ የጋላቢውን ክብደትና የልብ ምት እየለካች ስልክ ላይ ትመዘግባለች። አቶ ያፌት አምስት ዓመት ተጠቅመውባታል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ «1140 ሰዓት» ይላል፤ ይህንኑ ቁጥር ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ አስጽፈውታል።

አንድ ነገር ግን ከእሳቸው በቀር ማንም የሚያውቅ አይመስላቸውም። ሰኔ 2074 ላይ ከቤታቸው በታች ባለው ቁልቁለት ላይ፣ ዕቃ የሚያደርስ አንድ በራሪ ማሽን ድንገት ከቀርከሃው መሐል ብቅ ብሎ ሸጋውን አስበረገገው። ሸጋው ዳማ ፈረሳቸው ነው። አቶ ያፌት ወደቁ። አጥንት አልተሰበረም፤ ተነሥተው ሱሪያቸውን አራግፈው ፈረሱን እየሳቡ ቤት ገቡ። በማግሥቱ እግራቸውን ወደ እርካብ ሲያነሡ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፣ አፋቸው ደረቀ። ሳምንት ቆይተው ሞከሩ፤ ያው ነው። ፈሩ፣ በመፍራታቸውም አፈሩ፤ ከዚያ ወዲህ ፈረስ ላይ አልወጡም።

በዚህ ፋንታ ቸር ሆኑ። ድሮም ቢሆን በአገሩ ልማድ ለሠርግና ለለቅሶ ፈረስ አይከለከልም፤ አቶ ያፌት ግን ሳይጠየቁ መስጠት ጀመሩ። «ሸጋውን ውሰዱት» ይላሉ፣ ከነኮርቻው። የወሰደው ሰው ጉዳዩን ሲጨርስ መልሶ ማምጣት አይጠበቅበትም፤ ዛቡን፣ የልጓሙን ማሰሪያ፣ ኮርቻው ላይ ቋጥሮ፣ ታፋውን መታ አድርጎ ይለቀዋል፣ ፈረሱ ብቻውን መንገዱን ያውቃል። ከተማው ስለ ቸርነታቸው አውርቶ አይጠግብም ነበር። ቆጣሪዋም ኮርቻው ውስጥ ሆና መቁጠሯን አላቋረጠችም። ሰዓት ሰዓት ነው፣ ማን ይጠይቃል ብለው ተዉት።

ሐሙስ አቶ ያፌት ከጠዋት ጀምሮ ግቢያቸው ውስጥ ስልኩን ይዘው ግማሽ ቀን ሊሞላቸው ምንም አልቀረውም።

«ሄርሜላ፣ እስቲ ነይ፣ ይኼ ነገር አልወጣ አለኝ።»

ወይዘሮ ሄርሜላ ባለቤታቸው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ጡረተኛ የሒሳብ መምህርት። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ተቀበሏቸው። ኮቴ «መረጃዎን ለምን ማውጣት ፈለጉ?» ብሎ ሦስት ምርጫ ሰጥቷል፦ ፈረሴ ሞቷል፣ እኔ ሞቻለሁ፣ ሌላ።

«ሌላ በለው» አሉ አቶ ያፌት።

«ብዬዋለሁ። በሁለት መቶ ቃል አብራራ ይላል።»

ወይዘሮ ሄርሜላ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ሁለት መቶውን ቃል ጻፉ። ኮቴ አመሰገነና ቀጣዩን ጠየቀ። በሥልጠናው የተካፈሉት ሁለት ናቸው፤ ስለዚህ የፈረሱም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እባክዎ የፈረሱን አፍንጫ ፊት ለፊት ያንሡ። አቶ ያፌት ሸጋውን በጉንጩ ያዙት፣ ወይዘሮ ሄርሜላ ስልኩን አስጠጉ። ሸጋው አንገቱን አዞረ። ሲከተሉት ወደ ሌላው ጎን አዞረ። «ተሳታፊው ፈቃደኛ አይመስልም። ከሰባት ደቂቃ በኋላ ይሞክሩ» አለ ስልኩ።

ሰባት ደቂቃ ቆጥረው ሞከሩ። ሸጋው አነጠሰ። ሌላ ሰባት ደቂቃ። ለሦስተኛው ጊዜ አቶ ያፌት መዳፋቸው ላይ ገብስ ይዘው ከስልኩ በስተጀርባ ቢያሳዩት አንገቱን አርዝሞ መጣና ስልኩን በምላሱ ከላይ እስከ ታች ላሰው። «ሁሉንም መረጃ ለመሰረዝ መርጠዋል። እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ወጣ፤ ሸጋውም ሊደግመው ምላሱን አወጣ። ወይዘሮ ሄርሜላ ስልኩን ነጥቀው በነጠላቸው ጠረጉት።

አፍንጫው የተነሣው በማግሥቱ፣ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ካርባ፣ ሸጋው እንቅልፍ እየወሰደው ሳለ ነው። «ፋይልዎ ወደ ባለሥልጣኑ ተልኳል። ኮቴ አብረን ስላሳለፍነው ጊዜ ያመሰግናል» አለ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ጠፋ።

ወይዘሮ ሄርሜላ መነጽራቸውን አውልቀው ባላቸውን ተመለከቱ። «ሺህ አንድ መቶ አርባ ሰዓት። መቼ መቼ ነው ይኼን ሁሉ የጋለብከው?»

«በየጊዜው ነዋ።»

«እኔ የት ሆኜ?»

አቶ ያፌት ልጓሙ ዝጓል ብለው ዘይት ፍለጋ ወደ ጓዳ ገቡ።

ታኅሣሥ ላይ ቀጠሮው ደረሰና አቶ ያፌት ኮታቸውን ለብሰው ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት፣ ስድስተኛው መስኮት ፊት ተቀመጡ። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ወይዘሪት አስካለ ትባላለች። አሠራሩ ግልጽ እንዲሆን ተብሎ ፋይሉን ማሽኑ ጮክ ብሎ ያነብባል፤ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይሰማል።

«ጋላቢው በአምስት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተሞሽሯል» ብሎ ጀመረ ማሽኑ።

ወይዘሪት አስካለ ቀና አለች። «እውነት ነው አባባ?»

«ኧረ የሌላ ሰው ሠርግ ነው ልጄ። ፈረሱን ሲወስዱ ከነኮርቻው ነው።»

«የጋላቢው ክብደት ከሠላሳ ስምንት እስከ መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ይደርሳል» አለ ማሽኑ። «በአርባ ስድስት ለቅሶ ላይ ተገኝቷል። ግንቦት ዘጠኝ ቀን 2076 የጋላቢው ልብ ለአራት ሰዓት ሙሉ አልመታም።»

ከኋላ የተሰለፈው ሰው አማተበ።

«ድንች ነው» አሉ አቶ ያፌት። «ሰባ ኪሎ ድንች።»

«ድንች» ብላ ጻፈች ወይዘሪት አስካለ። ከዚያ ማሽኑን የባለቤቱን የልብ ምት ብቻ ለይቶ እንዲያወጣ አዘዘችው። ማሽኑ ጥቂት አሰበና ዘጠና ስድስት ሰዓት አለ፣ አሥራ አራት ጊዜ ወድቋል አለ፤ ከሰኔ አሥራ ሁለት ቀን 2074 በኋላ ደግሞ... ወይዘሪት አስካለ እጇን ሰድዳ ድምፁን አጠፋችው። የቀረውን ዝም ብላ አነበበች። አንብባ ስትጨርስ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

«ከዚያ ቀን ወዲህ በእርስዎ ልብ የተመዘገበ ጉዞ የለም አባባ» አለች በቀስታ።

የአቶ ያፌት ፊት እስከ ጆሯቸው ድረስ ጋለ። ምድር ብትውጣቸው ደስ ባላቸው ነበር። «ኮርቻው ተሳስቶ ይሆናል» አሉ።

«ባለጉዳዩ ኮርቻው ተሳስቷል ብለዋል» ብላ መዘገበች፤ ጥሩ ልጅ ናት። የሌሎች ሰዎችን ስድስት መቶ ሠላሳ ሁለት ሰዓት አንድ ባንድ ሰረዘችው። ከዚያ ፊቷን ቋጠረች። «እዚህ ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዓት አለ። የጋላቢው ክብደት ዜሮ።»

«እሱ ሸጋው ነው። ሲለቁት ብቻውን ወደ ቤቱ ይመጣል።»

«ብቻውን? መንገድ አቋርጦ?»

«አቋርጦ ነዋ።»

ወይዘሪት አስካለ ወረቀቱን ወደ ታች፣ ወደ ታች አየች። አንድም ግጭት የለም። ቀይ መብራት ላይ ቆሟል፣ ለእግረኛ ቅድሚያ ሰጥቷል፣ ከተፈቀደው ፍጥነት አልፎ አያውቅም። የድሮው የመኪና ሕግ እንደሚለው ደግሞ ሦስት መቶ ሰዓት ያለ ሰው፣ ያለ አደጋ የሄደ ማናቸውም ነገር ያለ ሹፌር የመንቀሳቀስ ፈቃድ ይሰጠዋል። ማሽኑ ማንንም ሳያማክር አንድ ካርድ አተመ። አንደኛ ደረጃ ይላል፤ ፎቶው ላይ የሸጋው አፍንጫ አለ።

«እንኳን ደስ ያለው» አለች ወይዘሪት አስካለ።

«እኔስ?»

«እርስዎ ተሳፋሪ ነዎት።» ደንቡን በወረቀት ሰጠቻቸው። ተሳፋሪ ቢጫ መቀነት ይታጠቃል። ተሳፋሪ ዛብ አይነካም። ተሳፋሪ ከሹፌሩ ጋር አያወራም።

አቶ ያፌት መንገዱን ሙሉ እየተብሰለሰሉ ቤት ደረሱ። ምክትላቸው አቶ ናሆም ሕጋዊ ፈቃድ አላቸው፤ ቦታውን ቢለቁላቸው ወዲያው ይወጣሉ፤ ሰዉም ለምን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እሳቸው ራሳቸው ቢወጡስ? ቢወጡ ዛብ መያዝ የለ፣ መጋለብ የለ፣ ቁጭ ማለት ብቻ ነው። ሲያስቡት ሲያስቡት ደንቡ የተሠራው ለእሳቸው መሰላቸው። ለማይጋልብ ሰው ከዚህ የተሻለ ሕግ ከየት ይመጣል? ለወይዘሮ ሄርሜላ ሲነግሯቸው «እና ደስ ብሎሃል?» አሉ ወይዘሮ ሄርሜላ። «ሕግ ነው፣ ምን አደርጋለሁ» አሉ አቶ ያፌት።

የበዓሉ ጠዋት ከተማው መሐል አደባባዩ ላይ ሁለት ሺህ ፈረስ ተሰልፏል። ግላሱ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፤ ቃጭሉ ጆሮ ያደነቁራል። ሜዳው በስተ ምሥራቅ ነው፣ ሕዝቡም እንግዶቹም እዚያ ይጠብቃሉ። የአቶ ያፌት ቤት በስተ ምዕራብ ነው። አቶ ያፌት ቢጫ መቀነታቸውን ታጥቀው ሸጋው አጠገብ ቆሙ። እግራቸው ወደ እርካቡ አልነሣ አላቸው። ሁለት ሰው ብብታቸውን ይዞ አወጣቸው፤ ክብር እንጂ ሌላ ነገር አልመሰለም።

ኢንስፔክተር አንዳርጌ የባለኮቴ ተቆጣጣሪው ነው፣ መመሪያ ሳያነብ ውኃ የማይጠጣ ወጣት። የሸጋውን ፈቃድ አየ፣ አፍንጫውን ከፎቶው ጋር አመሳከረ። «ዛቡ ተሳፋሪው በማይደርስበት ቦታ ይታሰራል» ብሎ ኮርቻው ፊት ላይ ቋጠረው። ሲቋጥረውም ከቋጠሮው ይልቅ መመሪያውን ነበር የሚያየው፣ ስለዚህ ዛቡ ለአቶ ያፌት እጅ ቅርብ ሆነ። «ማስነሻው የት ነው ጋሼ?»

«ታፋውን መታ ታደርገዋለህ።»

ኢንስፔክተሩ መታ አደረገው። አቶ ያፌት ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ዛቡ ኮርቻው ላይ ተቋጥሯል፣ ታፋው ተመቷል። ሸጋው ከዓመታት ጀምሮ ይህን ምልክት ያውቀዋል። ዞረና ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ።

ሊቀመንበሩን ማለፍ ነውር ነው፤ ሁለቱ ሺህ ፈረሰኛ ተከተለ። ከኋላ ያሉት ዘንድሮ መንገዱ ተቀይሯል ተባባሉ። ሸጋው ቀዩ መብራት ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ሁለቱ ሺህም ቆመ። ሽንኩርት ሸጣ የምትመለስ ሴት መንገድ ልታቋርጥ ስትል ቅድሚያ ሰጣት፤ እሷም ይህን ሁሉ ፈረስ አይታ ለመሻገር ፈራች፤ እሱ ደግሞ ሳትሻገር አልሄድም አለ። ባዶ መኪኖቹ ጎን ለጎን ቆመው በመብራታቸው ተጠቃቀሱ። አቶ ያፌት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ፊት ለፊት ያዩ ነበር።

ኢንስፔክተር አንዳርጌ ከጎን እየሮጠ ደረሰ። «ጋሼ ያፌት፣ ወዴት ነው?»

«ሹፌሩን ጠይቅ።»

«ማናገር ክልክል ነው።»

«እኔም ለዚያ ነው ዝም ያልኩት።»

የወደቁበት ቁልቁለት ከቤቱ በታች ነው፤ ሲመጡበት ግን ዳገት ሆነላቸውና ዓይናቸውን ጨፍነው አለፉት። ሲገልጡት ግቢያቸው ውስጥ ናቸው። ሸጋው ገንዳው ጋ ቆሞ ውኃ መጠጣት ጀመረ። ከኋላ ያለው ሁለት ሺህ ፈረስ መንገዱን ሞልቶ፣ አጥሩን ከብቦ፣ የጎረቤት ድንች ማሳ ውስጥ ገባ። አቶ ናሆም ከሰልፉ መሐል «ዛቡን ያዘውና መልሰው እንጂ» አሉ። ሌላውም «መልሰው፣ ሕዝቡ ሜዳ ላይ ፀሐይ እየመታው ነው» አለ።

«አይቻልም» አሉ አቶ ያፌት። «ደንቡ አይፈቅድም። ኢንስፔክተሩን ጠይቁት።»

«አይፈቅድም» አለ ኢንስፔክተሩ።

ወይዘሮ ሄርሜላ ከቤት ወጡ። ግቢያቸውን አዩ፣ አጥራቸውን አዩ፣ ባላቸውን አዩ። ቀረብ ብለው እጃቸውን የአቶ ያፌት ጉልበት ላይ አሳረፉ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል።

«ደንቡ ነው ወይስ ፍርሃቱ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አቶ ያፌት ወደ ታች አዩዋቸው። «ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የኮርቻው አቧራ ሱሪህ ላይ አላየሁም። ሱሪህን የማጥበው እኔ ነኝ።»

አቶ ያፌት ሊዋሹ የሚችሉት ብዙ ነገር ነበር። ደንቡ በእጃቸው ነው፣ ኢንስፔክተሩ ምስክራቸው ነው፣ እንዲሁ ቁጭ ቢሉ ማንም ምንም አይላቸውም። ነገር ግን ሁለት ሺህ ሰው እሳቸውን እያየ ነው፤ የተመኙት ቀን ደግሞ ውኃ ገንዳ ዳር ሊያልቅ ነው። ተናደዱ። በፈረሱም፣ በኮቴም፣ ከሁሉ ይልቅ በራሳቸው ተናደዱ።

«ፈርቼ ነው» አሉ ጮክ ብለው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ሁሉ ሰማቸው። «ከወደቅሁ ወዲህ ፈረስ ላይ አልወጣሁም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት የሙሽሮች፣ የለቀስተኛና የድንች ነው። አሁንም እፈራለሁ።»

ማንም አልሳቀም። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «እኔም እኮ በየጠዋቱ ነው የምፈራው» አለ። ሌላ ሰው «አዎ» አለ። አቶ ናሆም እንኳ አንገታቸውን ነቀነቁ።

አቶ ያፌት ቋጠሮውን ፈትተው ዛቡን ያዙ። «ጋሼ፣ እንደዚያ ካደረጉ ተሳፋሪ አይደሉም» አለ ኢንስፔክተሩ። «መቀነቱን ተቀበለኝ» አሉና ፈትተው ወረወሩለት። ሸጋውን ከገንዳው ጎትተው አዞሩት። ፈረሰኛው ግራና ቀኝ ተከፍሎ አሳለፋቸው። ቁልቁለቱ ላይ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ሸጋውን በሶምሶማ እየነዱ ወረዱት። ከተማውን አቋርጠው ሜዳው ጋ ሲደርሱ ሕዝቡ ተነሥቶ እልል አለ። አቶ ያፌት ፈረሱን ኮለኮሉትና ሽምጥ ለቀቁት። ባርኔጣቸው ወደቀ። እሳቸው አልወደቁም። ፊታቸው ላይ የሚወርደው እንባ ይሁን ላብ ለራሳቸውም አልለየላቸውም፤ ይስቁ ነበር።

ኢንስፔክተር አንዳርጌ ዘግይቶ ሜዳው ዳር ደረሰባቸውና ደብተሩን ከፈተ። ላብ አጥምቆታል፤ መንገዱን ሙሉ በእግሩ ነው የተከተለው።

«ጋሼ ያፌት፣ መክሰስ አለብኝ። ግን ተሳፋሪው ሳያስበው ዛብ ነካ ብዬ ባልፈው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ያለ ፈቃድ መጋለብ ነው። እሱ ስምዎ ባለበት ፋይል ውስጥ ይገባል፣ መቼም አይጠፋም።»

አቶ ያፌት ከፈረሱ ሳይወርዱ ጎንበስ ብለው ደብተሩን አዩት።

«ሁለተኛውን ጻፍ» አሉት። «ሰዓቱንም ጻፍ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው የጋለብኩት።»